ከፔዳል ሥር ያለው ምንጣፍ፦ ለክረምት መንገድ የሚሆን የፒክአፕ ምንጣፍ እንዴት ይመረጥ?

ተሽከርካሪ ሲገዛ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታው፣ ስለ ጎማውና ስለ መለዋወጫ አቅርቦቱ ብዙ ይጠየቃል። ስለ ወለል ምንጣፉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምንጣፍ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መኪናው ከተገዛ በኋላ ሲሆን፣ የሚመረጠውም በቀለሙ፣ በውፍረቱ ወይም ከመቀመጫው ልብስ ጋር በመስማማቱ ነው። በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል የከተማ አውቶሞቢል ይህ አመራረጥ ያን ያህል የሚያስነቅፍ ላይመስል ይችላል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ እየተነሣ ክረምቱን በሙሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚመላለስ ፒክአፕ ግን ነገሩ የተለየ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የሾፌሩ ምንጣፍ ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮንና ከነዳጅ መስጫ ፔዳል ጋር በአንድ ጠባብ ቦታ የሚውል የደኅንነት ዕቃ ስለሆነ፣ ሊመዘን የሚገባውም እንደ ደኅንነት ዕቃ ነው። መመዘኛዎቹም ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መኪናው ሲነዳ ምንጣፉ ከቦታው ፈጽሞ መነቃነቅ የለበትም። ሁለተኛ፣ ሲቆሽሽና ውኃ ሲይዝ ያለ ብዙ ድካም ተነሥቶ መታጠብ አለበት። ሁለቱ መመዘኛዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ የሚይዝ ነገር አይነሣም፣ የሚነሣም ነገር አይያዝምና። ጥሩ ምንጣፍ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን ያስታረቀ ነው። የተቀሩት ጥያቄዎች፣ ይኸውም የተሠራበት ቁስ፣ ቅርጹና ዋጋው፣ ሁሉም ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ጭቃውን ማወቅ

በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ረዥም ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት የሚወርደው መጠን በአብዛኛው የዞኑ ክፍል ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በዓመት ከ1000 ሊትር በላይ ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እያገናኘ ያልፋል። ከዚህ መስመር ወጥቶ ወደ ሰከላ፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት ወይም ወደ ወንበርማ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው ግን ከጠጠሩ በኋላ የአፈር መንገድ፣ ከአፈር መንገዱም በኋላ በእግር የሚታለፍ ማሳ ይጠብቀዋል። በቆሎውን ሊያይ የወረደው የግብርና ባለሙያ፣ ክትባት ሊሰጥ የሄደው የጤና ሠራተኛ፣ ናሙና ሊወስድ የወጣው ተመራማሪ፣ ሁሉም ወደ ጋቢናው የሚመለሱት የማሳውን አፈር በጫማቸው ይዘው ነው።

ይህ አፈር ምን ዓይነት ነው? በአካባቢው በስፋት የሚታየው በአፈር ሳይንስ ኒቲሶል ከሚባሉት ወገን የሆነ ቀይ ሸክላማ አፈር ሲሆን፣ ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ረባዳ በሆኑና ውኃ በሚተኛባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ፣ ማለትም ቨርቲሶል፣ ይገኛል። የሸክላ ቅንጣት መጠኑ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከዚህ የተነሣ አሸዋ በመጥረጊያ ተጠርጎ ሲወጣ፣ ሸክላ ግን በሞኬት ክሮች መካከል ዘልቆ ይገባና ያለ ውኃ አይወጣም። በቀዩ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውኃ ሲያገኝ ብዙም አያብጥም። በዋልካው ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት ግን ውኃን በስስ ንብርብሮቹ መካከል አስገብቶ ያብጣል፤ ዋልካ ጫማን የሙጥኝ ብሎ የሚይዘውም በዚህ ጠባዩ ነው።

ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጥናት ሸክላማ አፈር የውኃ ይዘቱ በጨመረ ቁጥር ከጠጣርነት ወደ ለጥነት፣ ከለጥነትም ወደ ፈሳሽነት እንደሚሸጋገርና የሽግግሩ ወሰኖችም ሊለኩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ይህ ግኝት ዛሬም በመንገድና በሕንፃ ሥራ የአፈር ምርመራ መሠረት ነው። ለእኛ ጉዳይም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ጫማ ላይ ተለጥፎ የገባው ጭቃ ለጥ ነው። ከልብስና ከጃንጥላ የሚንጠባጠበው ውኃ ሲጨመርበት ወደ ፈሳሽነት ይጠጋና በሶልና በምንጣፍ መካከል እንደ ቅባት የሚያገለግል ስስ ሽፋን ይሆናል። የቦት ጫማም ሆነ የኮንጎ ጫማ ሶል በዚህ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል። ሾፌሩ ተረከዙን መሬት አስደግፎ ፔዳል የሚረግጥ በመሆኑ፣ ተረከዙ የሚያርፍበት ቦታ ሲያንሸራትት ፔዳሉን የሚይዝበት ሁኔታም አብሮ ይናጋል።

ምንጣፍ ያደረሰው ጉዳት

ስለ ምንጣፍ ይህን ያህል መጨነቅ የተጋነነ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ በሰነድ የተረጋገጠ ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2009 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ አቅራቢያ፣ ከመኪና ሻጭ ድርጅት በጊዜያዊነት የተሰጠ አንድ የሌክሰስ አውቶሞቢል ፍጥነቱን መግታት ሳይቻል ቀርቶ በደረሰው አደጋ በውስጡ የነበሩት 4 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አልፏል። ምርመራው እንዳመለከተው በመኪናው ውስጥ የነበረው የሾፌር ምንጣፍ ለክረምትም ለበጋም እንዲያገለግል ከጎማ የተሠራ ነበር። ችግሩ ግን የተሠራው ለሌላ፣ ተለቅ ላለ የሌክሰስ ሞዴል መሆኑና በወለሉ መያዣዎች አለመታሰሩ ነው። የነዳጅ መስጫው ፔዳል በዚህ ምንጣፍ ጠርዝ ተይዞ ቀርቷል።

ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎም ተሰምቶ ነበር። አምራቹ ቶዮታ በሴፕቴምበር 2007 ለሁለት ሞዴሎች የቀረቡ 55000 ያህል የጎማ ምንጣፎችን በዚሁ ምክንያት መልሶ ጠርቷል። ከ2009ኙ አደጋ በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች የሾፌሩን ምንጣፍ እንዲያወጡ ተነገራቸው። ከተጠቀሱት ሞዴሎች መካከል ታኮማና ተንድራ የተባሉት ፒክአፖች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የናሳን መሐንዲሶች ጭምር ያሳተፈ የምርመራ ውጤት ይፋ ሲያደርግ፣ ለማይገታ ፍጥነት የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ምክንያት ሆኖ እንዳልተገኘ ገለጸ። የታወቁት ምክንያቶች መካኒካዊ ነበሩ፤ አንዱ የፔዳል መጣበቅ፣ ሌላው የፔዳል በምንጣፍ መያዝ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ እነዚህ ችግሮች ለሕዝብ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጎማ መጥፎ ቁስ ነው የሚለውን አይደለም። የዚያ መኪና ምንጣፍ በቁስ ረገድ ደኅና ዕቃ ነበር፤ ቦታው ያልሆነና ያልታሰረ በመሆኑ ብቻ አደጋ አስከተለ። አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ የዕቃው ጥራት ያለ አያያዙ ዋስትና አይሆንም።

በእኛ መንገዶች ላይ ጉዳቱ በሦስት መልክ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ከላይ እንደተገለጸው የምንጣፉ ጠርዝ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ይዞ ማስቀረቱ ነው። ሁለተኛው ምንጣፉ ወደ ፊት ተንሸራትቶ በፍሬን ወይም በፍሪሲዮን ሥር መከመሩ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ሙሉ ርቀቱን አይወርድም። ፍሪሲዮኑ በደንብ ስለማይለቅ ማርሽ አልገባ ይላል፤ ፍሬኑም በሚፈለገው ኃይል አይረገጥም። ሦስተኛው የተረከዝ መንሸራተት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ደግሞ ወደ 22 ሜትር ይሄዳል። እግሩ አንሸራቶት ፍሬኑን በአንድ ሰከንድ ዘግይቶ የያዘ ሾፌር ይህን ያህል ርቀት ያለ ፍሬን ተጉዟል ማለት ነው። ገበያ ውሎ በመንገዱ ዳር ሰውና ከብት በሚተራመስበት የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ 17 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የነዳጅ መስጫው ተይዞ ቢቀር ምን ይደረጋል? ፍሬኑን ደጋግሞ ከመምታት ይልቅ ጠንክሮ አንድ ጊዜ መርገጥና እንደያዙ መቆየት፣ ፍሪሲዮኑን መርገጥ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ ወደ መንገዱ ዳር መውጣትና ከቆሙ በኋላ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ ይቻላል። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ቁልፉን ነቅሎ ማውጣት ግን መሪውን ሊቆልፍ ስለሚችል አይገባም።

ክብደት መያዣ አይሆንም

«የእኔ ምንጣፍ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም» የሚለው አስተሳሰብ በስፋት የሚሰማ ነው። ቀላል ስሌት ግን ይህን አይደግፍም። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ምንጣፍ ወለሉን የሚጫነው 30 ኒውተን በሚሆን ኃይል ነው። በምንጣፉና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.5 ነው ብንል፣ ምንጣፉን ለማንቀሳቀስ 15 ኒውተን ያህል ኃይል ይበቃል። ይህ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር ለማንሳት ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር እኩል ነው። ከመቀመጫው ሲነሣና ሲቀመጥ፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥና ሲለቅ የሾፌር ተረከዝ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከዚህ ይበልጣል። ከምንጣፉ ሥር ውኃ ከገባ ደግሞ ሰበቃው ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ምንጣፍን በቦታው የሚያቆየው ወለሉ ላይ የተተከለ መንጠቆ ወይም የሚሽከረከር ቁልፍ እንጂ የምንጣፉ ክብደት አይደለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊወገዝ የሚገባው ልማድ የመደራረብ ልማድ ነው። ፋብሪካው ያነጠፈው የጨርቅ ምንጣፍ አለ፤ በላዩ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ክረምት ሲገባ በጎማው ላይ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ይጨመራል። ማዳበሪያ የሚባለው ከረጢት የተሸመነበት ፖሊፕሮፒሊን በርጥብ ጎማ ላይ እጅግ ያንሸራትታል። ካርቶንም ሲርስ ይበሰብስና ተጠቅልሎ ከፔዳል ሥር ይገባል። በሾፌሩ እግር ሥር ሊኖር የሚገባው አንድ ምንጣፍ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው መውጣት አለበት። በዚያው ወለል ላይ የሚንከባለል የሃይላንድ ፕላስቲክም ከፍሬን ሥር ከገባ ካልታሰረ ምንጣፍ የማይተናነስ አደጋ ያስከትላል።

ከምንጣፉ ሥር የሚያድር ውኃ

ሁለተኛው መመዘኛ፣ ማለትም በቀላሉ መነሣቱ፣ የሚመለከተው የመኪናውን ዕድሜና የተሳፋሪውን ጤና ነው። በሞኬት የተለበጠ ወለል ከሥሩ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጨርቅ አለው። ውኃ አንዴ እዚያ ከገባ በጎማ ምንጣፍ ተሸፍኖ ስለሚቀር በፀሐይም በነፋስም አይደርቅም። የወለሉ ላሜራ ቀለም በጠጠር ወይም በብሎን ዙሪያ በተጫረበት ቦታ ሁሉ ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ይገናኛሉ፤ ዝገትም ይጀምራል። ዝገት ከተሠራበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለውን ቀለም እየገፋ ያነሣና ለተጨማሪ ዝገት በር ይከፍታል።

የአፈር ማዳበሪያ ለሚያጓጉዝ ፒክአፕ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ማዳበሪያዎች ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላላቸው፣ በክረምቱ እርጥብ አየር ውስጥ በጫማ የገባ ጥቂት ፍሬ ቀልጦ የጨው ውኃ ይሆናል። ጨው የያዘ ውኃ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውኃ በተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ በመሠረቱ የኤሌክትሮ ኬሚካል ሂደት የሆነውን ዝገት ያፋጥናል። ከዚህም በላይ ርሶ የሚያድር ሞኬት ለሻጋታ ምቹ ነው። በክረምት ጠዋት የጋቢናውን በር ሲከፍቱ የሚቀበለው የጠነባ ሽታ የዚህ ምልክት ሲሆን፣ አስም ላለበት ሰው ከሽታም ያለፈ ችግር ነው።

ጎማ፣ ፒ.ቪ.ሲ. ወይስ ሌላ?

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ጎማ ነው። የተፈጥሮ ጎማ በሙቀት የሚለሰልስ፣ በብርድ የሚደድር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ረዣዥሞቹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ማስተሳሰር እንደሚቻል ከደረሰበት ወዲህ ግን በሙቀትም በብርድም የማይለወጥ ቁስ ሆነ። ይህ ሂደት ቩልካናይዜሽን ይባላል። የጎማ ጥቁረትም ለጌጥ አይደለም፤ የተጨመረበት ጥላሸት ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ከፀሐይ ጨረርም ይከላከልለታል። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ በድንጋያማ መንገድ ዓመታት የሚቆየውም ከዚህ የተነሣ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ደካማ ጎኑ ዘይትና ነዳጅ ሲነካው ማበጡ ነው፤ ስለዚህ ናፍጣ በጫማ ከገባ ሳይውል ሳያድር መታጠብ አለበት።

ሁለተኛው ፖሊ ቪኒል ክሎራይድ ወይም ፒ.ቪ.ሲ. ነው። በተፈጥሮው ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ እንደ ጎማ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። ማለስለሻው በፀሐይ በጋለ ጋቢና ውስጥ ቀስ በቀስ ይወጣል። አዲስ ምንጣፍ የሚሸተው፣ ከጊዜ በኋላም የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። በቀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ወርዶ ማታ ደጋ ላይ ለሚያድር መኪና የሙቀቱ መለዋወጥ ይህን ያባብሰዋል። የደረቀ ጠርዝ ደግሞ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ወደ ላይ የተቆለመመ ጠርዝም ፔዳል ይይዛል።

ሦስተኛው ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር የሚባለው ነው። በሞቀ ጊዜ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ የወለሉን ጎድጓዳና ጉብታ በትክክል ተከትሎ ሊወጣ ይችላል፤ ያለ ፒ.ቪ.ሲ. ማለስለሻም ይተጣጠፋል። ዋጋው ከፍ ይላል። አራተኛው ኢ.ቪ.ኤ. የተባለው አረፋማ ቁስ ሲሆን፣ ፊቱ እንደ ማር እንጀራ ባሉ ትናንሽ ጎድጓዶች የተሞላ ነው። ለአቧራና ለጥቂት ውኃ ይመቻል። ነገር ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ቁስ በመሆኑ ያለ መንጠቆ ፈጽሞ አይታመንም፤ በጎድጓዶቹ ውስጥ የደረቀ ሸክላንም ማውጣት አድካሚ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአካባቢያችን ሥራ ጥሩ ጎማ ወይም ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር ይመረጣል። ሆኖም በመንጠቆ የታሰረ ተራ ፒ.ቪ.ሲ. ካልታሰረ ውድ ምንጣፍ ይሻላል። የጨርቅ ምንጣፍ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በመስክ መኪና ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ጠርዝና ቦይ

ውኃ የሚይዝ ምንጣፍ እንደ ትሪ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል። ርዝመቱ 70፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምንጣፍ በአንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ 3.5 ሊትር ውኃ ይይዛል። ይህ በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል። መኪና ግን ሁልጊዜ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አይቆምም። በ10 በመቶ ዳገት ላይ የዚህ ምንጣፍ ሁለት ጫፎች በ7 ሳንቲ ሜትር ይበላለጣሉ፤ ስለዚህ ውኃው በሙሉ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ከጠርዙ ይፈስሳል። መፍትሔው ጠርዙን እያስረዘሙ መሄድ አይደለም፤ ከፍ ያለ ጠርዝ በፔዳል አጠገብ ራሱ አደጋ ነውና። ይልቁንም ወለሉ ጥልቀት ባላቸው የተለያዩ ቦዮች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቦይ የራሱን ውኃ ይዞ እንዲቀር ማድረግ ነው። ገበሬው በተዳፋት ማሳ ላይ እርከን የሚሠራበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ቦዮቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ሶሉ በቦዮቹ መካከል ባሉት ከፍታዎች ላይ ስለሚያርፍ ውኃው ከሥሩ ሸሽቶ ይወርዳል፣ ልክ የጎማ ጥርስ በእርጥብ አስፋልት ላይ እንደሚሠራው። ትሪው ግን እንደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሊቆጠር አይገባም፤ ማታ ማታ መደፋት አለበት።

አፈርን ከማሳ ወደ ማሳ አለመውሰድ

በቀላሉ መታጠብ የሚጠቅመው ለመኪናው ብቻ አይደለም። በዞኑ ደጋማ ወረዳዎች ድንች በስፋት ይለማል፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን አካባቢ ደግሞ በርበሬ የታወቀ ሰብል ነው። ድንችን፣ ቲማቲምንና በርበሬን የሚያጠቃው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ መንሥኤ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ይቆያል። ዋናው መተላለፊያው የተበከለ የዘር ድንች ቢሆንም፣ በውኃ፣ በእርሻ መሣሪያና በጫማ ላይ በሚጣበቅ አፈርም ይዛመታል። ማሳ ከተያዘ በኋላ የሚያድን አስተማማኝ መድኃኒት የለም።

በአንድ ቀን አምስት ማሳዎችን የሚጎበኝ ባለሙያ የአንዱን አፈር በጋቢናው ወለል ላይ አራግፎ፣ ያንኑ በጫማው ይዞ ወደ ሌላው ቢወርድ፣ ሊረዳው የመጣውን ገበሬ ሊጎዳው ይችላል። በየጉብኝቱ መካከል ጫማን መታጠብ፣ ምንጣፉንም አንሥቶ አፈሩን እዚያው በወጣበት ማሳ ላይ ማራገፍ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ይህ የሚሆነው ግን ምንጣፉ በሁለት መንጠቆ ተለቅቆ የሚነሣ ከሆነ ነው። በማጣበቂያ የተለጠፈ ወይም በመቀመጫው ብሎን የታሰረ ምንጣፍ አይነሣም፤ ስለዚህ አይታጠብም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «ከዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጣፍ ጨርሶ ባይኖርስ?» ሊሉ ይችላሉ። ይህ የሚናቅ አስተያየት አይደለም። ለሥራ ተብለው የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች ወለላቸው በሞኬት ምትክ በቪኒል የተሸፈነ ነው። ቪኒሉ ካልተቀደደና የሾፌሩ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ሸካራ ከሆነ፣ ባዶውን ወለል በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ መንዳት ካልታሰረ ምንጣፍ በእጅጉ ይሻላል። ተረከዙ የሚያርፍበት ቦታ ካለቀና ከለሰለሰ ግን ባለ ቦይ፣ የታሰረ ምንጣፍ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው። በጀቱ አነስተኛ ከሆነ ለአምስቱም ወንበር ርካሽ ምንጣፍ ከመግዛት ለሾፌሩ ብቻ በልኩ የተሠራና መያዣ ያለው መግዛት ይመረጣል፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ፔዳል የለምና። ሦስተኛው «መኪናችን አሮጌ ነው፣ የወለሉ መንጠቆ ጠፍቷል» የሚለው ነው። መንጠቆ ለብቻው የሚገኝ መለዋወጫ ነው፤ የጎማ ጥቅል በሜትር ገዝቶ በካርቶን ልክ አውጥቶ ማስቆረጥም ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ለመንጠቆው ወለሉ ሲበሳ ነው፤ ከላሜራው ሥር የፍሬን ወይም የነዳጅ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድም ሊያልፍ ስለሚችል ሥራው ለመካኒክ መሰጠት አለበት፣ የተበሳውም ጠርዝ ጸረ ዝገት ቀለም መቀባት ይኖርበታል።

ምን ይደረግ?

ማንኛውም ሾፌር ሞተሩ እንደጠፋ የሚከተለውን ፍተሻ ማድረግ ይችላል። ምንጣፉን በሁለት እጅ ይዞ በኃይል ወደ ፔዳሎቹ ይግፋው፤ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ቀጥሎ ሦስቱንም ፔዳሎች አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው በእጁ ይጫን፤ የትኛውም ምንጣፉን ከነካ ምንጣፉ ልኩ አይደለም። በመጨረሻም ምንጣፉን አርሶ ሁለቱንም ፍተሻዎች ይድገም፤ ክረምት የሚመጣው በርጥቡ ነውና።

የሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ አለፍ ብለው ሊለኩ ይችላሉ። አንድ ጣውላ ላይ ምንጣፉን በምስማር አስሮ፣ በላዩ ክብደት የተጨመረበት ጫማ አስቀምጦ፣ ጣውላውን ከአንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ማንሣት ነው። ጫማው መንሸራተት የጀመረበት ማዕዘን ታንጀንት የሰበቃውን መጠን ይሰጣል። በ35 ዲግሪ ከተንሸራተተ ሰበቃው 0.70፣ በ20 ዲግሪ ከተንሸራተተ 0.36 ነው። ያንኑ ምንጣፍ በደረቁ፣ በውኃና በቀይ ሸክላ ጭቃ ፈትኖ ውጤቱን በሠንጠረዥ ማውጣት ለአንድ የፊዚክስ ክፍል ጥሩ የተግባር ሥራ ይሆናል፤ ለገዥዎችም ከሻጭ ምስክርነት የተሻለ መረጃ ነው።

ዋናው ኃላፊነት ግን የመሥሪያ ቤቶች ነው። በገጠር የሚንቀሳቀሱትን ፒክአፖች በብዛት የሚገዙት የመንግሥት ቢሮዎች፣ ፕሮጀክቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የግዥ መግለጫ ሲያዘጋጁ «ምንጣፍ ይኑረው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምንጣፉ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ከወለሉ ጋር የሚያያዝ፣ ባለ ጠርዝና ባለ ቦይ፣ ያለ መሣሪያ ተነሥቶ የሚታጠብ ይሁን ብለው ይጻፉ፤ ርክክብ ሲፈጸምም ከላይ የተገለጸውን ፍተሻ ያድርጉ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራም የሾፌሩን ወለል ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በምርመራው ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ቢሰፍር መልካም ነው።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ ወጪና ረቂቅ ቴክኖሎጂ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ግንቦት ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ሥር ማየትን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።